ኔትወርክ በሌለበት ሁሉ የሞትኩ ዕለት

የሞትኩት ማለዳ ነው አሉ። እኔ ግን የሰማሁት ረፋድ ላይ ነው፤ ነቀምቴ ገበያ ውስጥ ሽሮ እየሰፈርኩ።

መሞቴ አይደለም ያስፈራኝ። ሽሮ የምትሰፍር ሴት "ሞተሻል" ብትባል መጀመሪያ የሚመጣባት ሳቅ ነው። እኔም ስቄአለሁ። ሳቁ አፌ ላይ የደረቀው ዘውዴ "እናናን ምሳዋን ካበላናት በኋላ ልናረዳት ነው" ያለች ጊዜ ነው። ያኔ ነው ማንኪያው ከእጄ የወደቀው።

እናና እናቴ ናት። ቢላ ከተማ ከወንድሜ ከይመር ጋር ትኖራለች። ከቀያችን ከኪራሙ በድንገት ወጥተን የተበታተንን ጊዜ ልቧ ተመታ፤ ሐኪሙ ይመርን ለብቻው ጠርቶ "ድንጋጤ እንዳያገኛት" ብሎታል። እኛም ከዚያ ወዲህ እቤቷ ስንገባ እንኳ በር ላይ ሳል ብለን ነው። ያቺን ሴት ነው እንግዲህ "ልጅሽ ሞተች" ሊሏት የተሰናዱት። ልጇ ደግሞ እኔ ነኝ፣ እዚህ ሽሮ ላይ ተቀምጬ።

ከመጀመሪያው ልያዘው፤ ስፈራ ነገር ይዘበራረቅብኛል።

ዘውዴ ቢላ ላይ የይመር አጥር ተጋሪ ናት። በመጀመሪያው መኪና ነቀምቴ ገብታ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በፌስታል ንፍሮ ይዛ ወደ ቤቴ ስትሄድ፣ ለለቅሶ ቤት ንፍሮ ብቻ ያንሳል ብላ በገበያው በኩል ዞረች። ዞራ ዞራ እኔው ፊት ቆመች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፤ ቀና አላለችም።

"ትንሽ ሽሮ ስፈሪልኝ፣ ለለቅሶ ቤት ነው" አለችኝ።

"የማን ለቅሶ ነው ዘውዴ?" አልኳት።

ቀና አለች። ቀና ብላም ቀረች። ፌስታሉ ከእጇ ወረደ። ከዚያ በጣቷ ትከሻዬን ወጋ አደረገችኝ፤ ሰው የዳቦ ሊጥ መድረሱን እንደሚያይ ዓይነት። ከዚያ ነው የጮኸችው።

"ማል ታኤ? ምን ሆነ?" ብላ አዴ ጫልቱ ተነሣች፤ አጠገቤ በርበሬ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት።

"ሞታለች!" አለች ዘውዴ።

"ኤኙ? ማን?"

"ይቺ!"

አዴ ጫልቱ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ይቺ? ይቺማ ጠዋት በመቀመጫ ከኔ ጋር ተጣልታ፣ አሸንፋኛለች እኮ!"

ዘውዴ ውሃ ጠጥታ ትንፋሿ ሲመለስ ነገሩን አወጣችው። በስልክ አይተውታል። የዕድራችን ገጽ ላይ። ስሜ ከነአባቴ ስም፣ "አርፈዋል" ተብሎ፣ የምቀበርበት ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ተጽፎ። ቢላ ያለ የዕድር አባል ሁሉ አይቶታል።

"አትደውሉም ታዲያ?" አልኩ።

"ማን ጋ?" አለች ተቆጥታ። "አንቺ ጋ ደውዬ ‘ሞተሻል ወይ' ልበልሽ?"

"ልጄ ጋ!"

"ሐዘንተኛ ላይ ይደወላል? ደግሞ ያልሰማች ብትሆንስ? መርዶ በስልክ የሚነገረው ምን በድላን ነው?"

እውነቷን ነው። እኔም ብሆን እንዲያው ነበር የማደርገው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት አፍ ሁሉ ይዘጋል። ሽማግሌ ይመረጣል፣ የሚረዳው ሰው እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፣ በባዶ ሆዱ እንዳይሰማ። ይመርማ የሚደውል ሰው ሳያስበው እንዳያፈነዳው ብሎ የቤቱን ስልክ ሁሉ አጥፍቷል፤ የጎረቤቶቹን ስንሞክር ደግሞ አይይዝም። እኔ ሕያው መሆኔን የሚናገር መንገድ ሁሉ በጨዋነት ተዘግቷል ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ከእኔ ጋር ቆሞ ነበር። ቀኑ ረቡዕ ነው። እናና ዓለም ቢገለበጥ ረቡዕ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አትቀምስም። ስለዚህ ምሳዋ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ መርዶው ከምሳው በኋላ። እስከዚያ ቢላ መድረስ አለብኝ።

ሽሮዬን ለአዴ ጫልቱ ጥዬ ሮጥኩ። "ሂጂ ሃርመኮ፣ ሂጂ እናቴ፣ እኔ አለሁ!" ብላ ጮኸችልኝ ከኋላዬ። ቀጥላ ለገበያተኛው "ሞታ ነው፣ መጣች" ስትል ሰማኋት። ዞር ብዬ ላስተካክላት ፈልጌ ነበር፤ ጊዜ የለም።

ልጄ ዝናሽ ቤት ናት። የኮምፒውተር ትምህርት ጨርሳ የሰው ሥራ በላፕቶፕ ትሠራለች። የዕድሩን ገጽ የሠራችው እሷ ናት። የኛ ዕድር ነገሩ ለየት ይላል፤ ከኪራሙ የወጣን ሰዎች ነን፣ ግማሻችን ነቀምቴ፣ ግማሻችን ቢላ፣ ሌላውም በየከተማው። ለፋፊ ቢጮህ አንዱ ሰፈር ሲሰማ ሌላው አይሰማም፤ ሰው ሞቶ ተቀብሮ ሳልስቱ ካለፈ በኋላ የሚሰማ አባል በዛ። ስለዚህ ዝናሽ በስልክ የሚከፈት ገጽ አበጀችልን። ትናንት አሻሽላው "አዲሱን ክፈቱ" ብላ ለአባላት ሁሉ ልካ ነበር።

እኔና ዘውዴ አንድ ላይ ገብተን አንድ ላይ ስንናገር ዝናሽ ምንም አልገባትም። የዘውዴን ስልክ አየች። ከዚያ ፊቷ አመድ መሰለ።

"እማዬ፣ ስምሽ አብሮ በስሏል" አለች።

"ምን?"

"መንገድ ላይ እነግርሻለሁ፤ ልበሺ" ብላ ላፕቶፗን ይዛ ወጣች። ምን እንደምለብስ ግራ ገባኝ። ለራሴ ለቅሶ ነው የምሄደው፤ ነጭ ልልበስ ጥቁር? አንዱን አነሣሁ፣ ሌላውን አነሣሁ፤ በመጨረሻ የገበያ ልብሴን እንደለበስኩ ሮጥኩ፤ ሽሮ በሽሮ ሆኜ።

ወደ ቢላ የሚሄድ ሚኒባስ አገኘን። እኔ መሃል፣ ዝናሽ በቀኝ፣ ዘውዴ በግራ። ዘውዴ አሁንም ታለቅሳለች፤ "ጀምሬው ስለነበረ ነው" አለች። ፍርሃት ደግሞ እኔን ዝም አያሰኘኝም፤ ጠያቂ ነው የሚያደርገኝ። ጥርስ ሲነቅሉኝ እንኳ ጉጠቱ የት እንደተሠራ የምጠይቅ ሴት ነኝ። ስለዚህ መኪናው ከከተማ ሳይወጣ "ንገሪኝ፣ በምን በኩል ነው የሞትኩት?" አልኳት ዝናሽን።

"ድሮ ገጹን ጥሬውን ነበር የምልከው" አለች ዝናሽ። "የመርዶው ቅርጽ አለ አይደል? ‘እገሌ አረፉ፣ ቀብራቸው እዚህ ቦታ' የሚለው፤ እገሌ የሚገባበት ቦታ ክፍት የሆነ። ቴምፕሌት እንለዋለን። እሱን ከነማብሰያው፣ ወደ ገጽ ከሚቀይረው ፕሮግራም ጋር፣ ወደ ሰው ስልክ እልከዋለሁ፤ ስልኩ ራሱ እዚያው ያበስለዋል።"

"ማብሰያውንም?"

"ማብሰያውንም። ከቴምፕሌቱ ራሱ እጅግ የሚከብደው እሱ ነው።"

"ለአንዲት መርዶ?"

"ለአንዲት መርዶ።"

አስቡት እስቲ። ሽሮ ለገዛኝ ሰው ሁሉ ሽንብራውን ከነወፍጮው አሸክሜ "ቤትህ ፍጨው" እንደማለት ነው። ይሄን ስላት ሳቀች፤ "እና የነእትዬ ዘውዴ ስልክ ወፍጮውን ሳይጨርስ ባትሪው ያልቃል" አለች።

"ስልኬን አትስደቢው" አለች ዘውዴ እያለቀሰች።

"ትናንት ያሻሻልኩት እሱን ነው። አሁን ቴምፕሌቱን እዚሁ ላፕቶፔ ላይ አስቀድሜ አበስለዋለሁ። ወደ ጃቫስክሪፕት ይቀየራል፤ ስልክሽ ላይ ገጽ የሚከፍተው ብራውዘር ሳይደክም የሚረዳው ቋንቋ ነው። ከሌላው ኮድ ጋር በአንድ ጥቅል አስሬ እልከዋለሁ። ማብሰያው እኔ ጋ ይቀራል። ስልኩ የሚቀረው ስሙን ክፍቱ ቦታ ላይ ጠብ ማድረግ ብቻ ነው።"

"ጎበዝ!" አልኩ። የምሬን ነው፤ ልጄ እኮ ናት። "እና እኔ የት ገባሁ?"

ዝናሽ ወደ መስኮቱ ዞረች። ውጭ የጉቶ ጊዳ በቆሎ ማሳ ያልፋል፤ እንደሱ ተመስጣ ማሳ ስታይ አይቻት አላውቅም።

"ስሙ የሚመጣው በኔትወርክ ነው" አለች ቀስ ብላ። "የሞተ ሰው ካለ ስሙ ይመጣል፤ ከሌለ ‘የለም' የሚል ይመጣል። ስሞክረው ግን ክፍቱ ቦታ ባዶ ሲሆን ቅርጹ አላምር አለኝ። ስለዚህ ‘ምንም ካልመጣ ይህን ስም አሳይ' ብዬ አንድ ስም ከነቤተ ክርስቲያኑ አስገባሁ። ለጊዜው። ሳላወጣው አበሰልኩት። ጥቅሉ ውስጥ ቀረ።"

"የማንን ስም?"

"አንቺው ነሽ እኮ የሰጠሽኝ።"

እኔው ነኝ፤ ምን ይዋሻል። ሰሞኑን ግቢውን ስትዞር ነበር፤ "ለሙከራ አንድ ስም ስጡኝ" እያለች። ለመርዶ ገጽ ማን ስሙን ይሰጣል? አከራያችን "ሟርተኛ!" ብላ በሯን ዘጋች። የጓሮዋ ሴትዮ አማተበች። የፈጠራ ስም ልጻፍ ብትል ደግሞ እኔ ከለከልኳት፤ የፈጠርሽው ስም የሆነ ቦታ የሆነች ሴት ስም ቢሆንስ? ምን አደረገችሽ? እንዲህ ብዬ ተፈላስፌ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ "የኔን አድርጊው፣ እኔ ሟርት አልፈራም" አልኩ። ሲጻፍም አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። አማረኝ እንዲያውም። "ወይዘሮ ጨምሪበት" አልኩ። ጨመረች። "የምቀበረው ጥላ ያለበት ቤተ ክርስቲያን ይሁን" አልኩ። አደረገችው። ሰው የገዛ መቃብሩን እንዲህ እንደ ሳሎን መጋረጃ ሲመርጥ ያየሁት እኔን ብቻ ነው።

"ታዲያ ነቀምቴ ለምን ማንም አላለቀሰልኝም?" አልኩ። ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።

"ነቀምቴ ኔትወርክ አለ። ገጹ ይጠይቃል፣ ‘ዛሬ የሞተ የለም' የሚል መልስ ይመጣል፣ ያንቺ ስም ይሸፈናል። ቢላ ግን ማለዳ ኔትወርኩ ብልጭ ብሎ ጥቅሉን አወረደላቸውና ጠፋ። መልሱ አልመጣም። ያልመጣ ሲሆን..."

"እኔ እሞታለሁ።"

"ትሞቻለሽ።"

ኔትወርክ ባለበት አለሁ፤ በሌለበት ሞቻለሁ ማለት ነው። ወለጋን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አልነግረውም።

ይህን ጊዜ ሚኒባሱ ሁሉ ጆሮ ሆኗል። ከፊታችን የተቀመጡት ኦቦ ለታ፣ የምርጥ ዘር ከረጢት ጉልበታቸው ላይ ያቀፉ ሽማግሌ፣ አንገታቸውን ጠምዝዘው "እስቲ የዚያችን ሴትዮ ስልክ ክፈቱት" አሉ። ዘውዴ ከፈተችው። ገጹ ትንሽ ዞረና "ዛሬ የተመዘገበ ዕረፍት የለም" አለ።

"አለሽ!" አሉ።

ቁልቁለት ወረድን። "አሁንስ?" አለ ሾፌሩ ከፊት።

ስሜ ብቅ አለ። ወይዘሮ ሳይቀር።

"ሞተች!" አለ ተሳፋሪው ባንድ ድምፅ፤ ዘውዴም እንደ አዲስ እሪ አለች። መታጠፊያውን ዞርን። "አለች!" እልል ተባለ። እንዲህ ስሞት ስነሣ፣ ስሞት ስነሣ፣ ተሳፋሪው በየኮረብታው ይወራረድብኝ ጀመር። መሃል ላይ ንፍሮው ትዝ አላትና ዘውዴ ፌስታሉን ፈታች። "ከሚበላሽ" አለች። ለሁሉም ተዳረሰ። የራሷን የለቅሶ ንፍሮ የቆረጠመች ሴት ከኔ በፊት ትኑር አትኑር አላውቅም። ጨው ያንሰዋል፤ ነገርኳት። ተቀየመችኝ።

"በችኮላ ነው የቀቀልኩት" አለች፤ "አስቀድመሽ ብትነግሪኝ..."

ሰዓቱን ባየሁ ቁጥር ግን ሾፌሩን ‘ፍጠን' እላለሁ። ፍተሻ ቦታው ላይ ደረስንና መኪናው ተሰለፈ። ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ፣ የምሩን ነው፣ "እትዬ፣ ስንት ሰው ልበል? አሁን አሉ ወይስ የሉም?" አለኝ።

ወርደን መታወቂያ አሳየን። ጠባቂው የዘውዴን እንባ አየና "ምን ሆነሽ ነው እናቴ?" አላት።

"ሰው ሞቶብኝ።"

"እግዚአብሔር ያጽናሽ። ማን ሞተ?"

ዘውዴ ዋሽታ አታውቅም። ወደኔ ጠቆመች። ጠባቂው መታወቂያዬን አየ፣ እኔን አየ፣ መታወቂያዬን ገለበጠው። ሰላሳ ዓይነት መልስ በአፌ መጣ፤ ቴምፕሌት፣ ጥቅል፣ ማብሰያ። ኦቦ ለታ ቀደሙኝ፤ "ተወው ልጄ፣ ኔትወርክ ነው" አሉት። ጠባቂው መታወቂያዬን መለሰልኝና "ኔትወርክማ እኛንም ገድሎናል" ብሎ አሳለፈን።

ዝናሽ ጉልበቷ ላይ ላፕቶፑን ከፍታ እየተንገጫገጨች ትሠራለች። "አወጣሁሽ" አለች በመጨረሻ። "ስምሽ የለም። በቦታው ‘መረጃው አልደረሰም፣ ይጠብቁ' የሚል አደረግኩበት። እንደገና አበሰልኩት፣ አሰርኩት።"

"ቆይ፣ ከማውጣትሽ በፊት የነበረውን አሳይኝ" አልኳት። በዚያ ጭንቀት መሃል ምን ላይ እንደፈለግኩ አትጠይቁኝ። ስሜ የት ቦታ እንደተቀመጠ ማየት ብቻ ነበር የፈለግኩት።

አሮጌውን ጥቅል ከፈተችልኝ። ወዬው! እኔ ሦስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ፊደል አንድ በአንድ ሲመጣ ነው የምለየው። ይሄ ግን መስመር አይባልም፤ የፈረንጅ ፊደል ያለ ክፍተት፣ ያለ እስትንፋስ፣ ተያይዞ ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ ቅንፍ በቅንፍ ላይ ተደራርቦ። "የበሰለው ይሄ ነው? ማን ያነበዋል?" አልኩ። "ሰው እንዲያነበው አይደለም፣ ብራውዘሩ እንዲሮጥበት ነው" አለች። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ተከተልኩት። መኪናው ያንገጫግጨኛል፣ ጣቴ ይስታል፣ እመለሳለሁ። ድንገት፣ በዚያ ሁሉ ባዕድ ፊደል መሃል፣ አማርኛ። ወይዘሮ። ከዚያ እኔ፣ ከዚያ አባቴ። ጎረቤት በሌለበት አገር ብቻችንን ቆመን። አባቴ ነፍሱን ይማረውና መንገድ ስቶ የማያውቅ ሰው ነበር፤ እዚህ መሃል ምን ይሠራል?

"ደግ ነው ማውጣትሽ" አልኳት። "ተጨናንቀን ነበር።"

ችግሩ አላለቀም። አዲሱ ጥቅል ላፕቶፑ ውስጥ ነው፤ ለመላክ ኔትወርክ ይፈልጋል። ከዋናው አስፋልት ወደ ቢላ ታጥፈን ፒስታው ላይ ከወጣን ጀምሮ የለም። ሾፌሩ ሳይጠየቅ ከአንድ ኮረብታ አናት ላይ አቆመ። "ውረዱ፣ እዚህ ይይዛል" አለ። የሚኒባሱ ሰው ሁሉ ወርዶ ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥቶ ቆመ። ኦቦ ለታ ስልክ የላቸውም፤ የዘር ከረጢታቸውን አነሡ። ዝናሽ የአንዱን ስልክ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታ ትንፋሿን ያዘች።

"ሄደ!" አለች።

እልል ያለው ዘውዴ ናት። ስልኳን ከፈተች፤ "ዛሬ የተመዘገበ ዕረፍት የለም" አለ፤ ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ የለም። "ገለተ ዋቃዮ፣ ተመስገን!" አሉ ኦቦ ለታ፤ ከረጢታቸውን አወረዱ።

እኔ ግን "እንግዲህ ቢላም ድኛለሁ?" ብዬ ጠየቅኩ።

ዝናሽ ደስታዋ ቀነሰ። "ቢላ ያሉት ስልኮች አሮጌውን ነው የያዙት። አዲሱን የሚያገኙት ኔትወርክ ሲመጣላቸው ነው።"

"እስከዚያ?"

"እስከዚያ ከአሮጌው ነው የሚያነቡት።"

ከኔ ከራሴ በቀር በሕይወት መኖሬን ቢላ የሚያደርስ ነገር የለም ማለት ነው። "ንዳው!" አልኩ ሾፌሩን። ነዳው።

ቢላ ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ባጃጅ ይዘን የይመር ሰፈር መግቢያ ላይ ስንደርስ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ሽማግሌዎች ከፊት፣ ቄሱ መሃል፣ ሴቶች ከኋላ፤ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ መሬት መሬት እያዩ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ይመር ቤት ይሄዳሉ። መርዶዬ በእግሩ እየሄደ ነው። ባጃጁ ማለፊያ አጣ። ዘልዬ ወርጄ በሴቶቹ መሃል መሽሎክሎክ ጀመርኩ፤ ማንም ቀና ብሎ አያይም፣ ማንም አይለቅልኝም።

ይሄን ስናገር አፍራለሁ፣ ግን አላስቻለኝም። አጠገቤ ያለችውን ሴት "ማን ናት የሞተችው?" አልኳት በሹክሹክታ።

"የይመር እህት። ነቀምቴ ያለችው።"

"ምን ዓይነት ሴት ነበረች?"

"እኔ አላውቃትም። ሽሮዋን የሚያህል የለም ይላሉ። አፏ ግን ራሱ ወፍጮ ነው አሉ፤ ነፍስ ይማር።"

ልመልስላት አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት አዳናት።

ክርኔን አውጥቼ ሴቶቹን አለፍኩ፣ ቄሱን ገፋሁ፣ ሽማግሌዎቹን ለሁለት ከፈልኩ፣ ከፊት ለፊት ይመር። ወንድሜ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ። አየኝ። እዚያው አፈር ላይ ዘጭ አለ፤ አፉ ለጩኸት ተከፈተ። ተወርውሬ በመዳፌ ያዝኩት።

"ዝም! እናና ትሰማለች!"

የምንኖረው እናናን ላለማስደንገጥ አይደል? ዝም አለ። በመዳፌ ሥር እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አላውቅም፤ እጄ ረጠበ። ከኋላ ሰው በሰው ላይ ተገጨ፤ ግማሹ ሸሸ፣ ግማሹ አማተበ። እኔ ሽሮዬን አራግፌ፣ በር ላይ ሳል ብዬ ገባሁ።

እናና መደቧ ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ምሳ ቀርቧል። ክንዷን አጣጥፋለች። የይመር ሚስት ከጎኗ ቆማ ትለማመጣለች።

"አልበላም" ትላለች እናና። "ከማለዳ ጀምሮ ‘ዛሬ ደህና አድርገሽ ብዪ፣ ዛሬ ደህና አድርገሽ ብዪ'። ማን ሞቶ ነው? ንገሩኝና እበላለሁ።" ከዚያ እኔን አየችኝ። "አንቺ ደግሞ ልታበዪኝ ነው ከነቀምቴ የመጣሽው?"

አፏ ወፍጮ ነው ያለችኝ ሴትዮ ያን ጊዜ ብታየኝ ጥሩ ነበር። ሄጄ እናና እግር ሥር ተቀመጥኩ፣ ጉልበቷን ያዝኩ። ሙቅ ነው።

"ማን ሞተ?" አለችኝ ዝግ ብላ። እሷን መዋሸት አይቻልም።

"እኔ" አልኳት።

"መቼ?"

"ጠዋት።"

ዝናሽ ከኋላዬ ደርሳ "እናና፣ ቴምፕሌቱ ውስጥ..." ብላ ጀመረች። እናና በእጇ ዝም አሰኘቻት። ፊቴን ወደ ብርሃኑ ቀና አድርጋ አየችው፣ ግንባሬ ላይ የቀረ ሽሮ በአውራ ጣቷ ጠረገችልኝ።

"ራስሽን ሲያምሽ ሦስቴ ነው የምትደውዪልኝ" አለች። "ሆድሽ ሲነፋ ትደውያለሽ። ጫማሽ ሲጠብሽ ትደውያለሽ። እንግዲህ ሳትነግሪኝ ትሞቻለሽ?" ከዚያ ወደ በሩ፣ ወደተጨናነቀው ሕዝብ ጮክ አለች፤ "ግቡ፣ ምን ትገተራላችሁ! ልጄ አለች፤ ሞታ ቢሆን መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ!"

ከዚያ እጇን ታጠበችና በላች። እኔን አጎረሰችኝ። መርዶ ይዘው የመጡት ሁሉ ገብተው ተቀመጡ፤ ያቺ ሴትዮ ከሁሉ ራቅ ብላ፣ ነጠላዋ ውስጥ ገብታ። ይመር ስልኩን ከፍቶ ደጅ ለደጅ ይዞት ይዞር ነበር፤ ወደ ማታው ላይ ኔትወርክ መጣ መሰለኝ፣ "የለም! የሞተ የለም!" እያለ ሲጮህ ሰማሁት። እኔ ግን ማረጋገጫውን ቀድሜ ይዤው ነበር፤ ጉልበቷን እስካሁን አልለቀቅኩም።

ደርሻለሁ። እናና ደህና ናት። እኔም በሕይወት አለሁ። ከእንግዲህ የሚያስፈራኝ የለም።